አንቱ የሚባለው ቶርኖ

ጋሽ ይርሳው ማረፋቸውን በስልክ ስሰማ መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር መሳቅ ነው። ነውር መሆኑ አይጠፋኝም። ግን እኒህ ሰውዬ ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ሞተውብን ስለነበር፣ ሁለተኛ አልታለልም ብዬ ነው።

የመጀመሪያው ሞታቸው እንዲህ ነበር። ሞጣ ካለው የአጎቴ የሐጂ ኑሩ ብረታ ብረት ቤት ሥራ አቁመው ወደ አገራቸው ወደ ብቸና ከተመለሱ ብዙም ሳይቆዩ፣ የሚስታቸው ወንድም ለሐጂ መልእክት ላከ። «ጋሽ ይርሳው አረፉ። ቅዳሜ ድንኳን ተጥሎ እንጠብቃችኋለን፤ እንዳትቀሩ» ይላል። ሐጂ አንብበው ስልኩን ለእኔ ሰጡኝ፤ እኔ አንብቤ ለበያጃችን ለደመላሽ ሰጠሁት፤ ደመላሽ ሳያነበው አለቀሰ።

ሚኒባስ ይዘን ሄድን። እስከ ብቸና ድረስ ስናለቅስ፣ ሾፌሩ እንኳ ሟቹን ሳያውቃቸው በየመታጠፊያው ዕንባውን ይጠርግ ነበር። ደመላሽ ለለቅሶው ግጥም ገጥሟል። ስንደርስ ድንኳኑ አለ፤ ሰው ሞልቷል። እኛም ከመኪና ወርደን ደረት እየመታን ገባን። ደመላሽ ከፊት ሆኖ፣

«ብረት እንደ ድንች ሲልጥ የኖረ ሰው፣
ዛሬ በተራው ሞት ልጦ ጨረሰው»

እያለ ሲያወርደው፣ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እንደጎረሰ ቀረ። ከመካከል አዲስ ጋቢ ለብሰው የተቀመጡት ጋሽ ይርሳው ብድግ አሉ። እኛ ስናለቅስ አይተው እሳቸውም ማልቀስ ጀመሩ። ጥሩ አድርገው ካለቀሱ በኋላ ነው የጠየቁ።

«ማን ሞቶ ነው?»

ደመላሽ ደርቆ ቆመ። «እርስዎ ነዎት እኮ፣ ጋሼ።»

«እኔ? መቼ?»

ለካ የሚስታቸው ወንድም «አረፉ» ያለው ከሥራ ማለቱ ነው። ድንኳኑም የግብዣ ነበር። ጋሽ ይርሳው በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የተማሩ ሰው ስለሆኑ፣ ከግብዣው ይልቅ የቃሉ ሁለት መንገድ መሄድ አስደሰታቸው። ደመላሽን አጠገባቸው አስቀምጠው ግጥሙን ደጋግመው አስባሉትና ፍርድ ሰጡ።

«ግጥሙ ደኅና ነው። ድንቹን ግን አውጣልኝ። እኔ ሞቼ በድንች ልለቀስ?»

ስለዚህ ዘንድሮ ሚስታቸው እትዬ ማንጠግቦሽ ደውለው «ይርሳው አረፈ» ሲሉኝ ሳቅሁ። እሳቸውም ሳቄን እስክጨርስ ጠበቁኝና «ዘሃራ ልጄ፣ የአሁኑ እረፍት የዚያን ጊዜው አይደለም» አሉኝ በቀስታ። ከዚያ በኋላ ነው ያለቀስሁ። ስማቸው ይርሳው ነው፤ እኔ ግን እስካሁን አንድም ነገራቸው አልተረሳኝም።

ያገናኘን ማሽን ነው። ሐጂ ከአንድ የተዘጋ ፋብሪካ በሐራጅ አንድ አሮጌ ቶርኖ ገዝተው በአይሱዙ አስጭነው ሞጣ አመጡ። ተራ ቶርኖ አይደለም፤ ሲኤንሲ የሚሉት፣ በፕሮግራም የሚሠራ ዓይነት ነው። ተራውን ቶርኖ ሰው በእጁ እያዞረ ብረት ይቆርጥበታል። ይኼኛው ግን «ወደዚህ ሂድ፣ ይኼን ያህል ቁረጥ፣ ተመለስ» የሚል ትእዛዝ መስመር በመስመር ይጻፍለትና ራሱ ይሠራል። አሮጌነቱ ግን ለብቻው ነው። ስክሪኑ አረንጓዴ ፊደል ብቻ ያወጣል፤ የቁልፎቹ ጽሑፍ በሰው ጣት ብዛት ተልጧል፤ በሩ ሲከፈት እንደ ፍየል ይጮኻል። እኔ በቴክኒክ ኮሌጅ የተማርሁት በአዲስ ማሽን ስለነበር ፊቱ ቆሜ አፈጠጥሁ፤ እሱም አፈጠጠብኝ።

ሐጂ ሰው ሲያፈላልጉ፣ ብቸና ውስጥ እንዲህ ያለ ማሽን ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው አሉ ተባለ። መጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ መነጽራቸውን በሲባጎ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ የሱፍ ቆብ ያደረጉ ሰው ናቸው። እኛን ሰላም ሳይሉ በቀጥታ ወደ ማሽኑ ሄዱና ቆባቸውን አወለቁ።

«እንደምን ዋሉ?» አሉት ማሽኑን።

እኔና ደመላሽ ተያየን። ሐጂ ግን ከነጋዴ ቤት የወጡ ሰው ስለሆኑ ለእንግዳ ጠባይ አይደነግጡም። «ይተዋወቃላችሁ?» ብለው ጠየቁ።

«ከዚህ ቤት ከቆምነው ከአንዳንዶቻችን በዕድሜ ይበልጣሉ፤ አንቱ ማለት ይገባል» አሉ ጋሽ ይርሳው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማሽኑ እኛ ቤት «እርሳቸው» ሆነ። እርሳቸው ተነሡ፣ እርሳቸው ሞቃቸው፣ እርሳቸው ዛሬ ነገር ነገር ይላቸዋል። እኔም ሳላውቀው ለመድሁት።

ከሁሉ በፊት ያስተማሩኝ ኦፍሴትን ነው። በማሽኑ ፊት እንደ ጎማ የሚዞር ነገር አለ፤ በዙሪያው የመቁረጫ ቱሎች ተሰክተውበታል። አንዱ አጭር ነው፣ አንዱ ረጅም፣ አንዱ ወደ ጎን ያጋደለ። የሁሉም ጫፍ የት እንዳለ ለማሽኑ በቁጥር ይነገረዋል። ያ ቁጥር ኦፍሴት ይባላል። ኮሌጅ ውስጥ ሰምቼው ነበር፤ የገባኝ ግን ጋሽ ይርሳው ሲያስረዱኝ ነው።

«አንች ጨለማ ቤት ስትገቢ ግድግዳ የማትመችው የእጅሽን ርዝመት ስለምታውቂ ነው። እርሳቸውም አያዩም። በዚያ ላይ በየደቂቃው ሌላ እጅ እንገጥምላቸዋለን። ኦፍሴት ማለት ‹አሁን የገጠምንልዎ እጅ ይኼን ያህል ይረዝማል፤ እንዳይመቱ› ብሎ ማሳወቅ ነው። ሳንነግራቸው ቢመቱ ጥፋቱ የማን ነው?»

«የኛ።»

«ተባረኪ።»

ቱሎቹን በቁጥር መጥራት አይወዱም፤ ሁሉም ስም አላቸው። ወፍራሙን ብረት መጀመሪያ የሚገፈው «ጎበዜ» ነው። በመጨረሻ ስስ አድርጋ የምታለሰልሰው «ሙሽራይቱ» ናት። ያለቀውን ዕቃ ከቀሪው ብረት ቆርጦ የሚለየው «አፋቺው» ይባላል። ቱል ሲሠራ ጫፉ እየተበላ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ በኦፍሴቱ ላይ ትንሽ ቁጥር ማስተካከል ያስፈልጋል። ጋሽ ይርሳው ካሊፐራቸውን አንሥተው የተሠራውን ዕቃ ለክተው «ዘሃራ፣ ሙሽራይቱ ከስታለች፤ እስቲ ትንሽ ቁጥር ጨምሪላት» ሲሉ፣ ወረፋ የሚጠብቅ ደንበኛ ካለ ጆሮውን ይጥላል። አንድ የየጥኖራ ገበሬ የማረሻ ጫፍ ሊያሠራ መጥቶ ይኼን ሲሰማ ቆየና፣ ሲወጣ በሩ ላይ ጠርቶኝ «ልጅቱን ሐኪም ቤት አሳዩአት እንጅ! በቁጥር ትድናለች?» ብሎ ተቆጥቶኝ ሄደ።

የማሽኑ የመቀነስ ምልክት ቁልፍ አልፎ አልፎ አልታዘዝ ይላል። ተጫንኩ ብለሽ ታልፊያለሽ፤ እሱ ግን አልተቀበለም። አንድ ዓርብ ጋሽ ይርሳው የጎበዜን ኦፍሴት ሲያስገቡ እንዲሁ ሆነ። ቁጥሩ መቀነሱ ቀርቶ ተደመረ፤ ጎበዜም ወደ ብረቱ በመሄድ ፈንታ ወደማይሆን ቦታ ሄዶ የማቀዝቀዣውን ውኃ ቱቦ ገነጠለው። ውኃው እንደ ወተት የነጣ፣ ዘይት ያለበት ነው። የማሽኑም በር ክፍት ነበር። ሐጂ ደግሞ ለጁምዓ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ሽቶ ተቀብተው፣ «ደኅና ዋሉ» ሊሉን ብቅ ያሉት በዚያች ቅጽበት ነው።

ጋሽ ይርሳው ቀዩን ማቆሚያ ቁልፍ መትተው ዞር ሲሉ ሐጂ ከራስ እስከ እግር ይንጠባጠባሉ።

«ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉላቸው። አጥቤ ልላክዎ ብለው ነው» አሉ።

«ያ ይርሳው! እኔ ውዱ አድርጌ ነው የመጣሁ!» አሉ ሐጂ። ሊቆጡ አስበው ነበር፤ ግን ከጺማቸው ጫፍ የሚንጠባጠበውን ሲያዩት ሳቅ ቀደማቸው። ቤታቸው ሄደው ልብስ ቀይረው ሰዓቱ ሳያልፍ ደረሱ። ከዚያ በኋላ ግን ወደ ወርክሾፑ ሲመጡ መጀመሪያ ከበሩ ውጭ ቆመው «እርሳቸው ሥራ ላይ ናቸው?» ብለው ይጠይቃሉ።

ሌላው የማሽኑ ዓመል የማስታወሻው ማነስ ነው። ጥቂት ፕሮግራም ከያዘ ይሞላል፤ አዲስ ለማስገባት አንዱን መደምሰስ ግድ ነው። ለጋሽ ይርሳው ፕሮግራም መደምሰስ ቀብር ነበር። ቆብ ያወልቃሉ፣ የፕሮግራሙን ውለታ ያወሳሉ፤ «ለዚያ ለሉማሜው ትራክተር የደረሰ ይኼ ነው» ይላሉ፤ ቁልፉን የምጫን ግን እኔ ነኝ፣ እሳቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። በወረቀት ብንይዘው ምናለ ብላቸው «ወረቀት አይጥ ይበላዋል፤ እኔን አይጥ በልቶኝ ያውቃል?» አሉኝ። ሁሉንም በቃላቸው ይዘውታል። የያዙት ደግሞ በዜማ ነው። ቅኔ ቤት የተማሩትን ጉሮሮ ለቁጥር አዋሉት። «ኤክስ አርባ፣ ዜድ ሲቀነስ ሃያ ነጥ— — —ብ አምስት» እያሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያወርዱት፣ እኔ በየመስመሩ እየተከተልሁ ወደ ማሽኑ እጽፋለሁ። ዜማው ራሴ ውስጥ ገብቶ ቤት ድረስ ይከተለኝ ነበር። እናቴ አንድ ቀን ልብስ ሳሰጣ ሰምታኝ «ሐጂ፣ ይችን ልጅ ምን ቤት ነው ያስገባሃት? በቁጥር ታዜማለች» ብላ ከሰሰችኝ።

ከፕሮግራሞቻቸው ሁሉ የሚወዱት አንድ ነበር። ሥራ ሲቀዘቅዝ በነሐስ የምርኩዝ ጉልላት የሚሠሩበት ነው። እንደ ሽንኩርት ያበጠ፣ ከሥሩ በቀለበት በቀለበት የታሰረ፣ ጫፉ ሾል ያለ ቆንጆ ነገር። ብቸና ውስጥ ያሉ ሽማግሌ ወዳጆቻቸው ሁሉ ያንን ጉልላት በምርኩዛቸው ራስ ተክለው ይንጎራደዳሉ። ዜማውም ከሁሉ የጣፈጠ እሱ ነው።

እንግዲህ ከዕለታት አንድ ቀን ከጉንደ ወይን እትዬ ጠጄ የምትባል ወፍጮ ቤት ያላት ሴት መጣች። ግዙፍ ናት፤ ድምጿ ከወፍጮዋ ጋር ሲፎካከር የኖረ ድምፅ ነው። የወፍጮዋ ሻፍት፣ ድንጋዩን የሚያዞረው ወፍራሙ የብረት ዘንግ፣ ለሁለት ተሰብሮ በነጠላ ጠቅልላ ታቅፋዋለች። ዓመት በዓል ደርሷል። ሰው እህሉን አምጥቶ ደጇ ላይ ከምሮ፣ በከረጢቱ ላይ ተጋድሞ ይጠብቃታል።

«ቅዳሜ ካልፈጨሁ ሰዉ እኔኑ ይፈጨኛል» አለች።

ሐጂ ቃል ገቡላት። የተሰበረውን አስቀምጣ፣ ሞጣ ዘመዶቿ ዘንድ ልታድር ልትወጣ ስትል ጋሽ ይርሳው ከውስጥ ብቅ አሉ። ፊታቸው ከል መስሏል። ያን ዕለት መብራት ጠፍቶ መምጣቱ ነበር።

«እትዬ ጠጄ፣ አትደንግጪ እንጅ እርሳቸው ታመዋል። መብራት ሲጠፋ ባትሪያቸው አልቆ ኖሮ፣ ትዝታቸው በሙሉ ጠፍቷል። እኔንም አላወቁኝም።»

«ውይ በሞትሁት! ልጆች አሏቸው?»

«የላቸውም።»

«እና ማን ያስታምማቸዋል?»

«እኔና ዘሃራ ነን እንጅ ሌላ ማን አላቸው።»

እትዬ ጠጄ ከንፈሯን እየመጠጠች ወጣች። እኔ ነገሩን ላቃናው ብዬ አፌን ስከፍት ሄዳለች። በማግስቱ ጠዋት ማርና ሎሚ በዘንቢል ይዛ፣ ለጥየቃ የሚለበስ ነጠላ ለብሳ መጣች። «የታሉ?» አለች። ጋሽ ይርሳው እጇን ይዘው ወስደው ማሽኑ ፊት አቆሟት።

ብዙ አየችው። «እኒህ ናቸው?»

«እኒህ ናቸው።»

አንድ ጊዜ ዕንባዋን አዘጋጅታ መጥታለችና ልትመልሰው አልቻለችም። መዳፏን በማሽኑ በር ላይ አሳርፋ «እግዜር ይማርዎ፣ አባቴ። የኔን ሻፍት ሳይሠሩ ግን እንዳይሞቱብኝ» አለች። ማሩንም እዚያው ትታልን ሄደች። ማሩን የበላው ደመላሽ ነው።

በሽታው እንዲህ ነው። ማሽኑ ፕሮግራሙንና ኦፍሴቱን መብራት በሌለ ጊዜ የሚይዘው በባትሪ ነው። ባትሪው ሲደክም ስክሪኑ ላይ አንድ ጽሑፍ ብልጭ ድርግም ሲል ከርሟል። እኔ ስጠቁማቸው ጋሽ ይርሳው «ዓይናቸውን እየጨፈኑ ነው፤ ሽማግሌ ቀን ቀን ያንቀላፋል» ይሉኝ ነበር። ባትሪ የተባለውን ከፍተን ስናየው ደግሞ ከየሱቁ የምንገዛው የእጅ ባትሪ ድንጋይ ሆኖ አገኘነው! ደመላሽ ሮጦ ከጎረቤት ሱቅ አመጣ። ጋሽ ይርሳው በጣም አፈሩ። «ይኼ ሁሉ ዕውቀት የሚያድረው በሱቅ ድንጋይ ነው?» አሉ።

መጀመሪያ ኦፍሴቶቹን እንደገና ሞላን። እያንዳንዱን ቱል ወደ አንድ ቁራጭ ብረት አስጠግተን ስስ አድርገን እናስቆርጣለን፤ የተቆረጠውን በካሊፐር ለክተን ቁጥሩን እናስገባለን። ጋሽ ይርሳው በየቱሉ «ይኼ ጎበዜ ነው፤ ዓርብ ዕለት ሐጂን ያረጠበው። ይችኛዋ ሙሽራይቱ ናት፤ አይረሷትም» እያሉ አስተዋወቁ። አልተሳሳትንም። በመቀነሻው ቁልፍ ላይ እኔ በየጊዜው ሁለት ጊዜ ዓይኔን እጥል ነበር።

ከዚያ ፕሮግራሙ ቀጠለ። ጋሽ ይርሳው ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ የወፍጮ ሻፍት ሠርተው ስለሚያውቁ ዜማው አላቸው። ወንበር ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፈኑና አወረዱት። እኔ ጻፍሁ። መሐል ላይ ሲደርሱ ዜማው እየጣፈጠ፣ ድምፃቸው እየሰፋ ሄደ፤ ደመላሽ ሳያስበው በመዶሻ ይመታላቸው ጀመር።

«ጋሽ ይርሳው፣ እዚህ ጋ አልጠበበም? ከዚያ ደግሞ ይሰፋል...» አልሁ።

«አታቋርጭኝ፣ ጻፊ!»

ጻፍሁ። ብረት ሳናስገባ ባዶውን አስኬድነው፤ ቱሎቹ በአየር ላይ ወዲያ ወዲህ አሉ፤ ጋሽ ይርሳው «እንዴት ያለ አካሄድ ነው!» ብለው አደነቁ። ከዚያ እውነተኛውን ብረት አሰርን። ጎበዜ ገፈፈ። የብረቱ ልጣጭ ሰማያዊ ሆኖ እየተጠቀለለ ወረደ። ሙሽራይቱ ገባች። ውኃው እየረጨ ስለነበር ብዙም አይታይም። ቀለል ሲል በመስኮቱ አጎንብሼ አየሁ።

«ጋሽ ይርሳው! ጉልላት!»

«የምን ጉልላት?»

«የምርኩዙ ጉልላት ነው!»

ቀዩን ቁልፍ ሲመቱት ማሽኑ ሥራውን ጨርሶ በትሕትና ወደ ቦታው ተመልሶ ነበር። በሩን ከፈትን፤ በሩም እንደ ፍየል ጮኸ። በወፍጮው ሻፍት ጫፍ ላይ፣ እንደ ሽንኩርት ያበጠ፣ በቀለበት የታሰረ፣ ጫፉ ሾል ያለ፣ መስተዋት የመሰለ ጉልላት ተቀምጧል። እንደዚያ ያማረ ሠርተው አያውቁም። ለካ ሁለቱ ፕሮግራሞች በአንድ ዜማ ነው የሚጀምሩት። መሐል ላይ ጋሽ ይርሳው ወደሚወዱት ታጥፈው ሄደዋል።

ደመላሽ መሳቅ ጀምሮ የጋሽ ይርሳውን ፊት ሲያይ አቆመ። ወንበራቸው ላይ ቁጭ ብለው ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መሬት መሬት ያያሉ።

«ዘሃራ፣ የጠፋው የእርሳቸው ትዝታ አይደለም። የኔ ነው» አሉ።

«ኧረ ይተዉ፣ እንዲህ አይበሉ።»

«ባለፈው ቤቴን አልፌ ሄጃለሁ እኮ። ማንጠግቦሽ በር ላይ ቆማ ‹ወዴት ነው?› ስትለኝ ‹ንፋስ ልቀበል› ብዬ ዋሸኋት።»

ጭንቀቴ ሁለት ሆነ፤ አንዱ እሳቸው፣ አንዱ የእትዬ ጠጄ ቅዳሜ። ያን ዓይነት ብረት ሌላ የለንም። እጄ ሥራ እንዲይዝ ብቻ ካሊፐሩን አንሥቼ መለካት ጀመርሁ። ስለካው ግን አንድ ነገር አየሁ። አጎቴ ሐጂ ብረት ሲያስቆርጡ ሁልጊዜ ከሚያስፈልገው ያስረዝማሉ፤ ድሮ ጨርቅ ሲሸጡ የለመዱት ነው፣ እጃቸው አይሰስትም። ጉልላቱ የተሠራው በዚያ በትርፉ ላይ ነው። ከጉልላቱ ወዲህ ያለው ብረት ለሻፍቱ ይበቃል።

«ጋሽ ይርሳው፣ ይነሡ። ሙሉውን ሻፍት ከዚህ ወዲህ እናወጣዋለን። ጉልላቱን በመጨረሻ አፋቺው ይቆርጠዋል።»

ቀና አሉ። መነጽራቸውን አድርገው ራሳቸው ለኩት። እንደገና ለኩት። «ሐጂ እኮ ቅዱስ ናቸው» አሉ፤ ቆባቸውንም መልሰው አጠለቁ።

ይህን ጊዜ አልዘፈኑም። እኔ ከተሰበረው ሻፍት እየለካሁ መስመሩን እናገራለሁ፣ እሳቸው «ልክ ነው» ወይም «ቆይ እስቲ» ይላሉ፣ ተስማምተን እንጽፋለን። ቀርፋፋ ነበር፤ ግን ወጣ። የቀረው አፋቺውን አዝዞ ጉልላቱን ማስቆረጥ ብቻ ሲሆን እትዬ ጠጄ ገባች። በመስኮቱ አየች።

«ተው! ተው! ምን ልታደርጉ ነው?»

«ልንቆርጠው ነው» አልኋት።

«ምን በወጣው! ወፍጮዬ ጉልላት ተሠርቶለት? ጉንደ ወይን ላይ የማን ወፍጮ ነው ጉልላት ያለው?»

ጋሽ ይርሳው ራሳቸውን አከኩ። «እትዬ ጠጄ፣ አልዋሽሽም። ይኼ ስሕተት ነው። የኔ ስሕተት።»

«እንዲህ ያለውን ስሕተት በየቀኑ ይሳሳቱ!» ብላ ማሽኑን ሳም አደረገችው። «እርሳቸውንም አዳንኋቸው፣ ማሬ ነው ያዳናቸው» አለች። ደመላሽ ወደ ውጭ ወጣ።

ሻፍቱ ከነጉልላቱ ሄደ። ጋሽ ይርሳው ግን ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አጡ። ጉልላቱ ክብደት አለው፤ ሻፍቱ ሲሽከረከር ያንቀጠቅጠው ይሆን? ድንጋዩን ያናጋው ይሆን? ሐጂ «ደውለህ ጠይቃት» ቢሏቸው «ስልክ ንዝረት አይለካም» አሉ። ቅዳሜ ጠዋት እኔን አስከትለው በሚኒባስ ጉንደ ወይን ወረዱ።

የገበያ ቀን ነው። የወፍጮ ቤቱ ደጅ በአህያና በከረጢት ተጨናንቋል። ድምፁን ከሩቅ ሰማነው፤ ወፍጮው ይፈጫል። ጋሽ ይርሳው ሰዉን እየከፈሉ ገቡ። ሻፍቱ ከነጉልላቱ ይሽከረከራል፤ ጉልላቱ በፍጥነት ስለሚዞር የቆመ ይመስላል፣ በመስኮት የገባው ብርሃን ብቻ ነው የሚላላስበት። ጋሽ ይርሳው ጎንበስ አሉ። መዳፋቸውን ወፍጮው በተተከለበት የብረት አልጋ ላይ አሳረፉ። ጆሯቸውን አስጠጉ። ዱቄቱ በላያቸው ይወርዳል።

«ትንሽ አቁሙልኝ» አሉ።

ማንም አልሰማቸውም።

«ትንሽ አቁሙትና ልለካው!» ብለው ካሊፐራቸውን ከፍ አድርገው ጮኹ።

ይኼን ሁሉም ሰማው። በሰልፍ የቆሙት ሴቶች ባንድ አፍ ተነሡባቸው። «ኧረ ሊያቆሙት ነው!» አለች አንዲቱ። «ማን ናቸው እኒህ ሰውዬ?» አለች ሌላዋ። «ይውጡልን! ስንት ቀን የጠበቅነውን!» አለች የጤፍ ከረጢት የተሸከመች። እትዬ ጠጄ ዱቄት ለብሳ ከወዲያ ብቅ አለች። ያወቀቻቸው አልመሰለኝም፣ ወይም ጊዜ አልነበራትም፤ በዚያ ግዙፍ ክንዷ ትከሻቸውን ይዛ በቀስታ፣ ግን እንቢ በማይባል ሁኔታ፣ እስከ በሩ ሸኝታ አወጣቻቸውና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ተከትያቸው ወጣሁ። ከቆብ እስከ ጫማ ነጭ ሆነዋል። ቅንድባቸው እንኳ ነጭ ነው። አንድ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ተቀየሙ ብዬ ፈራሁ፤ ስለ ስንት ነገር ሲያስቡ የከረሙ ሰው ናቸው። አጠገባቸው ተንበርክኬ ፊታቸውን ሳየው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ያለቅሳሉ? ይስቃሉ። በዱቄቱ ላይ ዕንባው መስመር እያወጣ ወረደ።

«ሰምተሻል ዘሃራ? ‹ይውጡልን› አሉኝ! ሲሰበር ‹አባቴ፣ ጋሼ› እያሉ ማር ይዘው ይመጣሉ። ዛሬ ግን በክንድ ተይዤ ወጣሁ! ይሠራል ማለት ነው እኮ! ምንም አይንቀጠቀጥም!»

ሲመለሱ በሚኒባሱ ውስጥ ዱቄቱን አላራገፉትም። አጠገባቸው አንድ ቄስ ተቀምጠው ነበር፤ ጋሽ ይርሳው ሰላምታ ከመስጠታቸው በፊት «አባ፣ ዛሬ ከወፍጮ ቤት ተባረርሁ» አሏቸው፣ ፊታቸው እየፈካ።

ቄሱ ከላይ እስከ ታች አዩአቸው። «ምን አጥፍተው ነው?»

«ሠርቼላቸው!»